ሜሎፎን ይዘሽ ሜዳ ላይ፦ ዘንድሮ አሜሪካ ሃይስኩል ማርሽ ባንድ ለምትገቢ

ከመሣሪያው በፊት ጫማው ይቅደም። ትምህርት ቤቱ የሚያዝልሽ ጥቁር የማርሽ ጫማ ሶሉ ተረከዙ ጋ ክብ ብሎ የተሠራ ነው፤ እግርሽ ከተረከዝ ተነስቶ እስከ ጣት ሳይንገጫገጭ እንዲንከባለል። ስለዚህ ልክሽን በትክክል አስለኪ። እናትሽ «ታድጊበታለሽ» ብላ አንድ ቁጥር እንዳታስጨምር። የላላ ጫማ አድርጎ ወደ ኋላ የሚራመድ ልጅ መጨረሻው መሬት ነው፣ ያውም ከነመሣሪያው። ረጅም ጥቁር ካልሲም አብረሽ ግዢ፤ ሱሪ ከፍ ሲል ብቅ የምትል ነጭ ካልሲ ከስታዲየሙ ጫፍ ድረስ ትታያለች። ለልምምድ ግን ስኒከር ይበቃል። ሶሉ ጠፍጣፋ የሆነ ኮንቨርስ አይሆንም፣ ነጠላ ጫማ ደግሞ ጭራሽ።

እኔ ያደግኩት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ሚድል ስኩል ትራምፔት ጀመርኩ፤ ሃይስኩል ስገባ ዳይሬክተሩ ሜሎፎን (ትራምፔት የሚመስል፣ ከሱ ተለቅ ያለ የነሐስ መሣሪያ) የሚይዝ ሰው ቸግሮት ስለነበር እኔን አሸከመኝ፣ በዚያው ቀረሁ። ሲኒየር ስሆን ሴክሽን ሊደር ነበርኩ፤ አሁን ደግሞ ኦገስት በመጣ ቁጥር ባንድ ካምፕ እየሄድኩ አዳዲሶቹን አለማምዳለሁ። «አንቺ» እያልኩ የምጽፈው እኔ ጋ ከሚመጡት ሐበሾች አብዛኞቹ ሴቶች ስለሆኑ ነው። ወንዶችም አንብቡት፣ እግር እግር ነው።

ለማያውቅ፦ ሴክሽን ማለት አንድ ዓይነት መሣሪያ የያዙ ልጆች ስብስብ ነው። የትራምፔት ሴክሽን፣ የክላርኔት ሴክሽን፣ የሱሳፎን (ትከሻ ላይ የሚሸከሙት ትልቁ ነሐስ) ሴክሽን፣ ከበሮ መቺዎቹ ድረምላይን፣ ባንዲራና ጠመንጃ መሳይ እንጨት የሚወረውሩት ከለር ጋርድ፤ እያንዳንዱ የራሱ ሊደር፣ የራሱ ቀልድ፣ የራሱ የአውቶቡስ ወንበር አለው። ባንዱን በሙሉ ድረም ሜጀሩ በእጁ ይመራዋል። ኑሮሽ ግን ሴክሽንሽ ውስጥ ነው።

ቀድመሽ ማወቅ ያለብሽ አንድ ነገር አለ። ፉትቦሉ (የአሜሪካኑ ማለቴ ነው) ተቀያሪ ወንበር አለው፤ ማርሽ ባንድ በአብዛኛው የለውም። የተመዘገበ ሁሉ ሜዳ ይገባል፤ ሁሉም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የራሱ ቦታ አለው። አንቺ ስትቀሪ ቦታሽ ክፍት ይሆናል፣ ማንም አይሞላልሽም፣ ምክንያቱም የሚሞላልሽ ሰው የራሱን ቦታ ባዶ መተው ሊኖርበት ነው። ስድስት ሰው ባለበት መስመር ላይ አንድ ክፍት ቦታ ከላይኛው ወንበር ሲታይ ከአምስቱ ልጆች በላይ ይታያል። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ የምትመጣ መካከለኛ ተጫዋች ከሁለት ልምምድ አንዱን ከምትቀር ጎበዝ ትሻለኛለች። ይህን ዳይሬክተሮች በለሰለሰ ቃል ይሉታል፤ እኔ በግልጽ ልበልሽ።

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያ ሥራሽ የሙዚቃ አይደለም። የባንዱ የቀን መቁጠሪያ ጁን ወይም ጁላይ ላይ ሲመጣልሽ ማቀዝቀዣው ላይ ከተለጠፈው ከቤተ ክርስቲያን ከሚሰጠው የአበሻ ካላንደር ጎን ዘርጊውና ከእናትሽ ጋር ተቀመጪ። እንቁጣጣሽ አብዛኛውን ዓመት ሰፕቴምበር 11 ነው፤ ደመራ 26 ማታ፣ መስቀል 27። ሦስቱም ሲዝኑ መሐል ናቸው። የዘመድ ሠርግ ደግሞ ኦክቶበር ውስጥ ቅዳሜ ላይ መውደቁ አይቀርም፣ ውድድርም ኦክቶበር ውስጥ ቅዳሜ ላይ ነው። የሚጋጨውን ሁሉ ጽፈሽ ኦገስት ላይ ለዳይሬክተሩ ስጪ። ለሃይማኖት በዓል ማንም አይከለክልሽም፤ ቀድሞ ከታወቀ ልምምዱን ያስተካክሉታል። የሚያናድዳቸው ሐሙስ ማታ «ቅዳሜ ዳላስ ሠርግ አለብኝ» የሚል ቴክስት ነው።

የትኛውን መሣሪያ?

ሚድል ስኩል የያዝሽው ካለ እሱኑ ቀጥይ። ፍሬንች ሆርን ከሆነ ግን ሜዳ ላይ ሜሎፎን ይሰጡሻል፤ የሆርኑ ደወል፣ ማለትም ድምፅ የሚወጣበት ሰፊ አፉ፣ ወደ ኋላ ስለሚያይ ድምፁ ተመልካች ጋ አይደርስም፣ የሜሎፎኑ ግን ወደ ፊት ነው። አጣጣሉ ከትራምፔት ጋር አንድ ስለሆነ የትራምፔት ልጆች ቶሎ ይለምዱታል፤ የሆርን ልጆች ጣታቸው እስኪስማማ ሁለት ሳምንት ያጉረመርማሉ። ክላርኔትሽ የእንጨት ከሆነ ቤት ይቀመጥ፣ ፀሐይና ብርድ ይሰነጥቀዋል፤ ለሜዳ የፕላስቲክ ይበቃል። ትልልቆቹን፣ ማለትም ሜሎፎን፣ ባሪቶንና ሱሳፎንን፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ራሳቸው ያውሳሉ፤ አባትሽ ኪራይ ከመክፈሉ በፊት ጠይቂ። (ሱሳፎን በ1893 በጆን ፊሊፕ ሱሳ ሐሳብ የተሠራ ነው። ሰውዬው የዋሽንግተን ዲሲ ተወላጅ ነው፣ የተቀበረውም እዚያው ኮንግሬሽናል መካነ መቃብር ነው። ሱሳፎን የሚሸከሙ ልጆች ከልምምድ በኋላ ስሙን በደግ አያነሱትም።)

ኖታ ቆጥረሽ የማታውቂ፣ በቅርቡ ከአገር ቤት የመጣሽ ከሆንሽም በሩ አልተዘጋም። ከለር ጋርድ ከዜሮ ይጀመራል። ከሜዳው ፊት ለፊት ቆሞ ማሪምባን የመሰሉ የሚመቱ መሣሪያዎች የሚጫወተው ፍሮንት ኤንሴምብልም ለጀማሪ የሚሆን ቦታ አለው። ነሐስ መሣሪያ ዘጠነኛ ክፍል ላይ መጀመር ይቻላል፣ ግን ከስፕሪንግ ጀምሮ በየቀኑ መንፋት ይጠይቃል። በሦስት ሳምንት ይሆናል የሚልሽን አትመኚ።

ካምፕ፣ ውሃ እና ፍልሰታ

ባንድ ካምፕ ኦገስት ውስጥ ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ አስፋልት ፓርኪንግ ወይም ሰው ሠራሽ ሣር ላይ። የቨርጂኒያ ኦገስት ታውቂዋለሽ፦ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ አየሩ እንደ እርጥብ ፎጣ ይጫንሻል። አንድ ጋሎን የሚይዝ ጀግ ግዢ፤ ስምሽን በትልቁ ጻፊበት፣ ሃምሳ ተመሳሳይ ጀግ ይኖራል። ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ፣ ነጣ ያለ ቲሸርት፣ የፀሐይ ክሬም። «እኛ አንቃጠልም» የሚለውን ተይው። በተለይ ከንፈር፦ ነሐስ የምትነፊ ከሆነ የፀሐይ መከላከያ ያለበት የከንፈር ቅባት ኪስሽ ውስጥ ይኑር፤ ከንፈሯ የተቃጠለ ልጅ ለቀናት ድምፅ አይወጣላትም።

ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ልክ ካምፑ ላይ። ይህን ለፈረንጅ ጓደኞችሽ ማስረዳት ከባድ ነው፤ ለእናትሽ ካምፑን ማስረዳት ደግሞ ይብሳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበዪ ሳትጠጪ ልቆይ ካልሽ ካምፑ ከመጀመሩ በፊት ንስሐ አባትሽን አነጋግሪ። እኔ የማውቃቸው አባቶች በሙቀት ቀኑን ሙሉ የምትራመድ ልጅ ውሃ ትጠጣ ነው ያሉት፤ አንቺ ግን የራስሽን ጠይቂ፣ በራስሽ አትወስኚ። ምግቡ ላይ ችግር የለም፣ ቀድመሽ ካሰብሽበት። ወላጆች የሚያመጡት ፒዛና ሆት ዶግ ነው፤ አንቺ ፓስታ በቲማቲም፣ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ፣ ሙዝ፣ ቴምርና ቆሎ ይዘሽ ሂጂ። ቆሎ ሴክሽንሽን ሁሉ ወዳጅ ያደርግልሻል። ጠዋት ባዶ ሆድሽን አትምጪ፤ ወድቀው ጥላ ስር የሚወሰዱት ቁርስ የዘለሉት ናቸው።

ሒጃብ የምታደርጊ ከሆነ የዩኒፎርም ልክ ሲወሰድ ተናገሪ። ዩኒፎርሙ ራሱ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ሙሉ ነው፤ ከባርኔጣው ስር የሚሆን ሻርፕ በዩኒፎርሙ ቀለም ማዘጋጀት ቀላል ነው። ሰላት የሚገባበትንም ሰዓት ለሴክሽን ሊደርሽ ንገሪያት፣ መሣሪያሽን የምትይዝልሽ እሷ ናት።

ዶት

አሁን ወደ ዋናው። ሜዳው ላይ የምትቆሚበት እያንዳንዱ ቦታ «ዶት» ይባላል፤ ከአንዱ ዶት ወደ ሌላው ስንት ቆጥረሽ እንደምትደርሺ የሚነግርሽ ወረቀት ይሰጥሻል። የመጀመሪያ ቀን ሲያዩት የባንክ ሒሳብ ይመስላል። እንዲህ ይነበባል («ሴት» እዚህ የእንግሊዝኛው set ነው፣ ባንዱ ሜዳ ላይ የሚሠራው የእያንዳንዱ ቅርጽ ተራ)፦ «ሴት 14፤ ሳይድ 1፤ ከ35 መስመር 2 እርምጃ ወደ ውስጥ፤ ከፊት ሃሽ 4 እርምጃ ወደ ኋላ»። ሳይድ 1 ማለት ከተመልካቹ በኩል ሲታይ ግራ ነው፤ አንቺ ተመልካቹን ስታዪ ግን በቀኝሽ ነው። «ወደ ውስጥ» ማለት ወደ 50ው፣ ማለትም ወደ ሜዳው መሐል መስመር፣ «ወደ ውጭ» ማለት ወደ ጎሉ። ሃሽ ደግሞ ሜዳውን በርዝመቱ ለሦስት የሚከፍሉት አጫጭር ምልክቶች ናቸው።

እርምጃው የዘፈቀደ አይደለም። በየ5 ያርዱ መስመር አለ፤ ከመስመር እስከ መስመር ልክ 8 እርምጃ ትራመጃለሽ። ስለዚህ አንዱ እርምጃ 22.5 ኢንች፣ 57 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አጭር ልጅም ረጅም ልጅም እኩል። ካምፑ ከመጀመሩ በፊት ቤትሽ ኮሪደር ላይ በማስኪንግ ቴፕ በየ57 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጊና ጠዋት ማታ ተራመጂበት። ከመሣሪያ ልምምድ በላይ የሚጠቅምሽ እሱ ነው።

አሁን ምሳሌውን እንቀጥል። ሴት 15 ላይ «ሳይድ 1፤ ከ45 መስመር 2 እርምጃ ወደ ውጭ፤ ከፊት ሃሽ 4 ወደ ኋላ፤ 16 ካውንት» ይላል እንበል። ከ35 እስከ 45 16 እርምጃ ነው፤ አንቺ 2 አልፈሽ ትነሻለሽ፣ 2 ሲቀርሽ ትቆሚያለሽ፣ ስለዚህ የ12 እርምጃ መንገድ በ16 ካውንት ትሄጃለሽ። እርምጃሽ ማጠር አለበት፣ ወደ 43 ሳንቲ ሜትር። ይህን ሜዳ ላይ ማን ያሰላል? ማንም። የሚደረገው መሐሉን መፈለግ ነው፤ በ8ኛው ካውንት ልክ 40 መስመር ላይ ነሽ። እግርሽ 8 ሲል መስመሩን ከረገጠ መንገዱ ትክክል ነው፤ ከቀደምሽው እርምጃሽ ረዝሟል፣ ካልደረስሽ አጥሯል። ለእያንዳንዱ ሴት መሐሉን ማታ ቤትሽ አውጥተሽ ዶቱ አጠገብ በእርሳስ ጻፊው። ካምፕ ላይ ከእኔ ጋር የሚሠሩ ልጆች ያለዚህ እንዲተኙ አልፈቅድላቸውም።

ትንሽ ማስታወሻ ደብተር በገመድ አንገትሽ ላይ አንጠልጥዪ፣ አንድ ገጽ አንድ ሴት። በስልክ አፕ የሚጠቀሙ አሉ፤ ስልክ ግን ፀሐይ ላይ ይግልና ይጠፋል፣ ወረቀት አይጠፋም። አንዳንድ ባንዶች ዶቱን መሬት ላይ በካርታ መጫወቻ ቺፕ ያስመለክታሉ። ጥሩ ነው፣ ግን ሁለተኛው ቀን ላይ ቺፑን ማየት አቁሚ፤ ውድድር ላይ ቺፕ የለም።

ዳይሬክተሩ ከላይ ማማው ላይ ሆኖ «ሪሴት» ሲል ወደ ቀደመው ዶትሽ ሩጪ፣ አፍሽን ዘግተሽ። አዳዲስ ልጆች የሚታወቁት እየተራመዱና እያወሩ በመመለሳቸው ነው። አንዱን ሴት ደግመሽ ደግመሽ ትሠሪዋለሽ፤ የተሰላቸሽ ሲመስልሽ ገና መጀመሩ ነው።

ከወገብ በታች እና ከወገብ በላይ

ወደ ፊት ስትሄጂ ተረከዝ ቀድሞ ያርፋል፣ የእግርሽ ጣት ወደ ላይ ቀና ይላል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይንከባለላል። ወደ ኋላ ስትሄጂ ተረከዝሽ ጨርሶ መሬት አይነካም፤ በፊተኛው የእግር መዳፍ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ባትሽ ይጮኻል፣ ማታ ማታ አፍታቺው። አስቸጋሪው ወደ ጎን መሄድ ነው፦ እግርሽ ወደ ቀኝ እየሄደ ደረትሽና የመሣሪያሽ ደወል ወደ ተመልካቹ እንደዞረ ይቆያል። ወገብሽን ነው የምትጠመዝዢው። መስታወት ፊት ተለማመጂው፤ ትከሻሽ ከዞረ ድምፅሽም አብሮት ይዞራል።

ይህ የምልሽ ብዙ የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ባንዶች የሚሠሩበት አካሄድ ነው። ዲሲ ውስጥ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉት ባንዶች ጉልበት ከፍ አድርገው፣ ከነጭፈራው ነው የሚሄዱት፤ የሃይስኩልሽ ባንድ በዚያ መንገድ የሚሄድ ከሆነ ስለ ተረከዝ ያልኩሽን እርሺው፣ ስለ ዶትና ስለ መቅረት ያልኩሽን አትርሺ።

ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሽ ልጅ አንድ ነገር ይዘሽ ትመጫለሽ፣ አንድ ነገር ደግሞ መተው አለብሽ። ይዘሽ የምትመጪው፦ አፍሽ እየዘመረ እግርሽ ማሸብሸብ ያውቃል። ኖታ እየነፉ መራመድ የሚያስለቅሳቸው ልጆች አጠገብ ይህ ቀላል ሀብት አይደለም። መተው ያለብሽ ጆሮሽን ነው። መዝሙር ላይ ከበሮውን በጆሮሽ ተከትለሽ ነው የምትሄጂው፤ ሁላችሁም አንድ ቦታ ስለቆማችሁ ያስኬዳል። የፉትቦል ሜዳ ግን ትልቅ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ካንቺ 50 ያርድ፣ ማለትም 46 ሜትር ርቆ የቆመ ልጅ የነፋው ኖታ አንቺ ጋ ሲደርስ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በላይ አልፏል። በደቂቃ 160 ምት በሚሄድ ሙዚቃ ይህ የአንድ ምት ሲሶ ይሆናል። የሰማሽውን ተከትለሽ ከነፋሽ ዘግይተሻል ማለት ነው፤ ያንቺን የሰማችው ደግሞ ካንቺ ትዘገያለች፤ እንዲህ እያለ ባንዱ ለሁለት ይቀደዳል።

ስለዚህ ዓይንሽ ድረም ሜጀሩ እጅ ላይ፣ እግርሽ ከዓይንሽ ጋር። ከፊትሽና ከጎንሽ የሚመጣ ድምፅ አትከተዪ። ከኋላሽ የሚመጣው ግን ይታመናል፦ ድረምላይኑ ከኋላሽ ከሆነ ድምፁ አንቺን አልፎ ወደ ተመልካቹ ስለሚሄድ፣ ከሰማሽው ጋር አብረሽ ስትነፊ ሁለታችሁም ወንበሩ ጋ እኩል ትደርሳላችሁ። ይህን ያስረዳኝ አንድ ከፍ ያለ ክፍል የነበረ የድረም ልጅ ነው፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ የጁስ ክዳኖች ወንበር ላይ ደርድሮ።

ሙዚቃውን በቃል መያዝ ግድ ነው፤ ሾው ላይ ወረቀት የለም። ከ7 እስከ 8 ደቂቃ የሚሆን ሙዚቃ ነው። ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያዢው፣ በስምንት ስምንት መስፈሪያ (ሜዠር) እየከፈልሽ፤ ከፊት የሚጀምሩ ልጆች መግቢያውን እንደ ውሃ ይጠጡትና መጨረሻውን ያጉተመትማሉ። ከያዝሽው በኋላ መሣሪያውን አስቀምጪና እየተራመድሽ በአፍሽ ዘምሪው። አየር የምትወስጂበትንም ቦታ ጻፊ። ረጅም ኖታ ላይ አጠገብሽ ያለችው የምትተነፍስበት ቦታ ላይ አንቺ አትተንፍሺ፣ አለዚያ ድምፁ መሐል ላይ ይቦረቦራል። ሴክሽናል፣ ማለትም ሴክሽናችሁ ለብቻው ሲለማመድ፣ ተነጋገሩ፦ «እኔ ሦስተኛው ላይ፣ አንቺ አምስተኛው ላይ»። ተመልካቹ አንድ የማይተነፍስ ትልቅ ሜሎፎን ነው የሚሰማው።

ጎረቤትሽ ሲሳሳት

እዚህ ላይ ሁሉም ሊደር አይስማማም፣ እኔ ግን እንዲህ ነው የማስተምረው። ልምምድ ላይ ዶትሽን ያዢ። አጠገብሽ ያለችው አንድ እርምጃ ቀርታ መስመሩ ቢጣመምም አንቺ ያለሽበት ትክክል ከሆነ አትነቃነቂ፤ ዳይሬክተሩ ከላይ ማን እንደተሳሳተ የሚያየው ሌሎቹ ቦታቸውን ሲይዙ ነው። ሾው ላይ ግን ዶቱን እርሺና ቅርጹን ያዢ። ተመልካቹ የሚያየው መስመርና ክብ ነው፣ ያርድ ቁጥር ይዞ የሚያጣራ የለም። ግራና ቀኝሽን ሳትዞሪ በዓይንሽ ጠርዝ ታዪያለሽ፣ እኩል መሐላቸው ትገቢያለሽ። አምስቱ በአንድነት ከተሳሳቱ ሾው ላይ ትክክለኛዋ አንቺ ነሽ ስህተቱ።

ስህተት ለማረም ደግሞ ዞረሽ አትናገሪ። የኔ ሴክሽን ውስጥ አንድ ሲኒየር ነበረ፣ በየሪሴቱ ዞሮ ሌላውን የሚገሥጽ፤ የራሱ ዶት ግን ሁልጊዜ ሁለት እርምጃ ውጭ ነበር። ቅሬታ ካለሽ ከልምምድ በኋላ ለሴክሽን ሊደርሽ፣ ለብቻዋ። እሷ ካልሰማች ወደ ዳይሬክተሩ። የሴክሽኑ የቡድን ቻት ላይ የተጻፈ ነገር በአሥር ደቂቃ ውስጥ ክላርኔቶች ጋ ደርሷል ብለሽ አስቢ።

መሣሪያው

መሬት ላይ ስታስቀምጡ ሁሉም በአንድ መስመር፣ ደወሉ ወደ አንድ አቅጣጫ። በተቀመጠ መሣሪያ ላይ አይታለፍም፣ በዙሪያው ነው የሚኬደው። አፍ መያዣው (ከንፈርሽ የሚያርፍበት ማውዝፒስ) ከተጣበቀ በፒንሳ አትታገዪ፣ አባትሽም አይሞክር፤ ባንድ ክፍሉ ውስጥ ለዚሁ የተሠራ ማውጫ አለ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ፒንሳ የነካው ቱቦ ይጠመዘዛል፣ የጥገናው ሒሳብ ቤት ይመጣል። ቫልቩን በየቀኑ ዘይት ቀቢ።

ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ብርድ ሲመጣ ነሐስ ሁሉ ድምፁ ይወርዳል። ሜዳ ከመግባታችሁ በፊት ድምፅ ሳታወጪ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ንፊበት፤ አፍ መያዣውን እስከ መጨረሻው ኪስሽ ውስጥ ይዘሽ ቆዪ። በረዶ የሆነ ብረት ከንፈር ላይ ማሳረፍ የሚፈልግ የለም።

ዓርብና ቅዳሜ

ዓርብ ማታ የፉትቦል ጨዋታ ነው። ወንበር ላይ ሆናችሁ አጫጭር ዜማ ትጫወታላችሁ፣ በእረፍት ሰዓት ሾው ታሳያላችሁ፣ ሦስተኛው ኳርተር ብዙ ጊዜ የናንተ እረፍት ነው። ዓርብ ደግሞ ጾም ስለሆነ መሸጫው ላይ ካለው ናቾስ ተቆጠቢ፣ የራስሽን ያዢ። ዩኒፎርም ለብሰሽ ከውሃ በቀር ምንም አይቀመስም፤ የሽሮ ጠብታ ነጭ ጓንት ላይ ምን እንደምትመስል አይቻለሁ።

ቅዳሜ ውድድር ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ የስቴቱ የባንድና የኦርኬስትራ ዳይሬክተሮች ማኅበር የሚያካሂደው የማርሽ ምዘና አለ። እዚያ ባንዶች እርስ በርስ አይወዳደሩም፣ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ነው የሚሰጠው፤ 1 ከሁሉ የላቀው ነው። ጸጉር ከአንገትጌ በላይ ተይዞ ባርኔጣ ስር መግባት አለበት። ወደ ኋላ የተሠራ ሹሩባ ለዚህ የተፈጠረ ነው። እናቴ እኔን ልትሠራኝ ፓርኪንጉ ላይ ወንበር ዘርግታ ስትጀምር አንዷ ሜሎፎን መጣች፣ ከዚያ ሁለት ትራምፔት፣ ከዚያ ተሰለፉ። እንግሊዝኛዋ «ቁጭ በይ» እና «ቀና በይ» ከማለት አያልፍም ነበር፣ ሥራውም ከዚያ በላይ አይጠይቅም። በሚቀጥለው ዓመት ወላጆቹ ስብሰባ ላይ ስሟን ሹሩባ በሚል ርዕስ ስር ጽፈው ጠበቋት።

ለወላጆች

እናቶችና አባቶች፣ ይህች ክፍል ለእናንተ ናት። በብዙ ትምህርት ቤት ባንድ ውጤት የሚሰጥበት ትምህርት ነው፤ ልጃችሁ ከልምምድ ብትቀር ማርኳ ይቀንሳል። ክፍያው እንደ ትምህርት ቤቱ ይለያያል፣ ብዙ ጊዜ በመቶዎች ዶላር ነው፤ ነፃ ምሳ የምታገኝ ልጅ ካላችሁ ቅናሽ ወይም ምሕረት ጠይቁ፣ ማፈር አያስፈልግም። የሕክምና ፎርሙን ሳትሞሉ ካምፕ አያስገቡላችሁም። ቅዳሜ ከውድድር የሚመለሰው አውቶቡስ እኩለ ሌሊት ሊያልፍ ይችላል፣ እሑድ ደግሞ ቅዳሴ አለ፤ ከሌሎች ሐበሻ ቤተሰቦች ጋር ተራ ተራ ገብታችሁ አምጧቸው። የወላጆች ኮሚቴም መኪና የሚነዳ፣ ዕቃ የሚገፋ፣ ውሃ የሚያድል ሰው ሁልጊዜ ይቸግረዋል፤ እንግሊዝኛ ያን ያህል አያስፈልግም።

«አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ለሚል አያት ደግሞ መልስ አለ። ራስ ተፈሪ በ1924 (እ.ኤ.አ.) ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የሚባሉት የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አዲስ አበባ ላይ የነሐስ ባንድ ሆነው ነው የቤተ መንግሥቱን ሙዚቃ የተጫወቱት፤ ከዚያም የክብር ዘበኛና የፖሊስ ማርሽ ባንዶች መጡ። የኔ አያት ክብር ዘበኛ በሰልፍ ሲያልፍ ያዩ ሰው ናቸው። አንድ ዓርብ መጥተው ካዩን በኋላ ያነሡት ቅሬታ አንድ ብቻ ነበር፣ ሰልፋችን ላይ አለቃው የሚያብረቀርቅ በትር አለመያዙ።

ሲዝኑ ሲያልቅ

ኖቬምበር ላይ ዩኒፎርሙ ይመለሳል፦ ሱሪው በስፌቱ ታጥፎ፣ ጃኬቱ ተቆልፎ፣ በራሱ መስቀያ ላይ፣ በራሱ ቁጥር። ኪሶቹን ፈትሺ፤ የከንፈር ቅባት እዚያ ቀርቶ ላውንደሪ ሲገባ የሚሆነውን ወጪ ቤተሰብሽ ነው የሚከፍለው። ጫማው ያንቺ ነው፣ ጋዜጣ ወጥረሽበት ደረቅ ቦታ አስቀምጪው። መሣሪያውን ትምህርት ቤቱ ካልከለከለሽ በስተቀር ከመመለሱ በፊት ታጥቢዋለሽ፦ ቫልቮቹን አውጥተሽ፣ ባኞ ውስጥ ለብ ባለ ውሃና ጥቂት የዕቃ ሳሙና። ሙቅ ውሃ አታድርጊ፣ ላይ ያለውን ቀለም ይልጠዋል። ቫልቮቹ ላይ ቁጥር ተቀርጿል፤ 1፣ 2፣ 3፣ እያንዳንዱ ወደየራሱ ቤት ይመለስ፣ ተለዋውጠው ከገቡ አየር አያሳልፍም፣ ተበላሸ ብለሽ ትደነግጫለሽ። ሲደርቅ ዘይት ቀቢው፣ ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ከፎርሙ ጋር አስተያዪ፣ አስፈርሚና ደረሰኝሽን ያዢ።